ያለአግባብ ተባርሬ አዲስ ሥራ ሳመለክት ምን ልበል? (ለአንዲት አካውንታንት እህታችን የተሰጠ ምላሽ)

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት እህቴ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል አስመጪ ድርጅት 4 ዓመት በአካውንታንትነት ሠርተሻል፣ ደመወዝሽ 18,000 ብር ነበር። ኅዳር ላይ ለዕቃ ቆጠራ 4 እሁድ አስገቧችሁ፣ ኦቨርታይሙ ሳይከፈል ሲቀር አንቺ በጽሑፍ ጠየቅሽ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ታመሽ 5 የሥራ ቀን ቀረሽ፣ የሐኪም ፈቃዱን በመጀመሪያው ቀን ፎቶ አንስተሽ ለሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ላክሽለት፣ አየው፣ ዝም አለ። ጥር 12 ቀን "ያለ በቂ ምክንያት 5 ቀን ከሥራ ገበታዋ በመቅረቷ" የሚል የስንብት ደብዳቤ ሰጡሽ። አሁን 7 ሳምንት ሆኖሻል፣ ክሊራንስ (የድርጅቱ ንብረት በእጅሽ እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት) እና የሥራ ልምድ ስትጠይቂ ደግሞ ኤችአሯ (የሰው ኃይል ሠራተኛዋ) "በታኅሣሥ ቀን መልቀቂያ ጽፈሽ አምጪ፣ ጥሩ ልምድ እንጽፍልሻለን" አለችሽ። የምትጠይቂው፦ ልፈርም ወይ፣ ሲቪዬ ላይ ይህን ሥራ ልተወው ወይ፣ ኢንተርቪው ላይ "ለምን ለቀቅሽ" ሲሉኝ ምን ልበል፣ ከከሰስኩስ ማን ይቀጥረኛል።

እኔ 16 ዓመት ኤችአር ላይ ነው የሠራሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሚቀጥረው ወገን ተቀምጬ። ስለዚህ ከሕጉ ጎን ለጎን ከዛኛው ጠረጴዛ ምን እንደሚታይ ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን። ያንን ቀኑ ወደኋላ የተጻፈ መልቀቂያ እንዳትፈርሚ። በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ከፈረምሽ በኋላ ያለአግባብ ተባረርኩ ብለሽ የምትጠይቂው ነገር ይፈርሳል፣ ያ አንዱ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ ካልሰጠ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ድረስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፣ እና አንቺ በእጅሽ ጽፈሽ በሰጠሻቸው ወረቀት "ያለ ማስጠንቀቂያ ለቀቀች" ሊሉሽ ነው ማለት ነው። እንደዛ አያደርጉም ብለሽ አታስቢ፣ የሐኪም ወረቀት አይቶ ዝም ያለ ሰው ይህንንም ያደርጋል።

በሰላም ለመለያየት ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 25 ላይ ውል በስምምነት ማቋረጥ ይቻላል ይላል፣ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ቢል እንኳ ያ መተው ዋጋ የለውም። ስለዚህ "መልቀቂያ አልጽፍም፣ የስንብት ደብዳቤውን ስቡና በስምምነት ተለያየን የሚል እንፈራረም፣ የሚከፈለኝም በቁጥር ይጻፍ" በያት። እሺ ካሉ ትልቅ ነገር አገኘሽ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ለማንም "በስምምነት ነው የተለያየነው" ብትዪ እውነትሽን ነው።

አሁን የልምድ ደብዳቤው። ኤችአሯ ችሮታ አስመስላ ነው ያቀረበችልሽ፣ አይደለም። የአዋጁ አንቀጽ 12 አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። እነዚህ ሦስቱ ናቸው፣ የተባረርሽበት ምክንያት ከውስጡ የለም። አንዳንድ ቦታ "በዲሲፕሊን ግድፈት የተሰናበተች" የሚል ዓረፍተ ነገር ከታች ይለጥፋሉ፣ እንደዛ ከሰጡሽ አትቀበዪ፣ ሕጉ በሚለው ልክ ተስተካክሎ ይጻፍልኝ ብለሽ በደብዳቤ መልሺው። ደግሞ አንድ ነገር አስጨምሪ፦ የሥራ ግብር ተቆርጦ ለመንግሥት ገቢ መደረጉ ይጻፍ። መንግሥት መሥሪያ ቤትና ባንኮች የግል ድርጅት ልምድ ሲቀበሉ ይህን ይጠይቃሉ፣ በዚህች መስመር ጉድለት ብቻ ፋይላቸው ወደ ጎን የተደረገ ስንት ሰዎች አይቻለሁ።

ጥያቄውን በቃል አታቅርቢ። በሁለት ኮፒ ጽፈሽ መዝገብ ቤታቸው አስገቢና ያንቺ ኮፒ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመቺ። አንቀበልም ካሉሽ ፖስታ ቤት ሂጂና በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኪው፣ ደረሰኙን ያዢ። አሁንም ካልሰጡ የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ትችያለሽ፣ አንዳንዴ አንድ ስልክ ብቻ ይበቃል፣ ግን እዛ ስትመላለሺ ቀንሽ እንዳይቃጠል፣ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ክሊራንሱን በተመለከተ አንቺ አካውንታንት ስለሆንሽ ከሌላው ሰው በላይ መጠንቀቅ አለብሽ። የካዝና ቁልፍ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ቼክ፣ ማህተም፣ የሲስተም ፓስወርድ፣ በእጅሽ የነበረውን ሁሉ በርክክብ ሰነድ ዘርዝረሽ ከተረካቢው ጋር ተፈራረሚ፣ አንዱ ኮፒ አንቺ ጋ ይቅር። የሂሳብ ሠራተኛ ከሥራ ተባረረች ሲባል የሰው አእምሮ ቀድሞ የሚሄደው ገንዘብ ላይ ነው፣ "አጉድላ ይሆናል" ነው የሚባለው፣ ማንም በግልጽ አይናገረውም ግን ያስበዋል። ለዚህ ነው ያ የምትጠዪው የስንብት ደብዳቤ ራሱ የሚጠቅምሽ። እስቲ አውጥተሽ እንደገና አንብቢው። ስለ ገንዘብ አንድ ቃል የለበትም። 5 ቀን ቀረች ነው የሚለው፣ የራሳቸው ማህተም ያለበት። አንድ ቀን ወሬው ተቀይሮ ሌላ ነገር ቢሉሽ ይህ ወረቀት ይመልስልሻል፣ ስለዚህ እንዳትቀጂው፣ በንዴት የቀደዱ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

ወደ ሕጉ ትንሽ ልግባ፣ ምክንያቱም ኢንተርቪው ላይ አንገትሽን ቀና የሚያደርግሽ በትክክል የት እንደቆምሽ ማወቅሽ ነው። አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ይዘረዝራል፣ መቅረት አንዱ ነው፣ ነገር ግን በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ። አንቺ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልደረሰኝም ብለሻል፣ ሕመም ደግሞ በቂ ምክንያት ነው፣ ማስረጃም አለሽ፣ በወቅቱም አሳውቀሻል። አንቀጽ 26 ደግሞ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ይላል። የኦቨርታይም ደብዳቤሽ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚወስን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ካለ አትመኚው፣ ግን በኔ ግምት ጠንካራ ጉዳይ ነው የያዝሽው።

በብር ምን ማለት እንደሆነ ላሳይሽ። 18,000ን ለ30 ብናካፍል የቀን ደመወዝሽ 600 ብር ነው። ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለስሽ ካሳው የቀን ደመወዝሽ 180 እጥፍ፣ 108,000 ብር ይመጣል። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር ስለሆነ 36,000። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተቀሩት 3 ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ የዛ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ፣ 18,000 ሲደመር 18,000፣ እሱም 36,000። ድምሩ 180,000 ብር፣ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። እና የእሁዶቹ ኦቨርታይም፦ በሳምንት የእረፍት ቀን የተሠራ ሁለት እጥፍ ነው የሚከፈለው፣ የሰዓት ደመወዝሽን 75 ብር (600ን ለ8 ሰዓት አካፍለን) ብንለው በ4ቱ እሁዶች 32 ሰዓት 4,800 ብር። ይህ ሁሉ የመጣው በ4,800 ብር ነው እህቴ፣ እና የጠየቅሽው የላብሽን ነው፣ አልተሳሳትሽም።

ቀኖቹን ያዢልኝ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው መቅረብ ያለበት፣ ያንቺ ሚያዝያ 12 ላይ ያበቃል። የክፍያ ጥያቄዎች 6 ወር ናቸው፣ የኦቨርታይሙ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር ቀድሞ ነው የሚያልቅብሽ። በኔ ምክር ሁሉንም በአንድ ላይ ከሚያዝያ 12 በፊት ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አስገቢው፣ በሩ በሙሉ ክፍት እያለ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ለጠበቃ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነጻ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። መሀል ላይ አዲስ ሥራ ብታገኚ ጉዳይሽ አይሞትም፣ መመለሱን ትተሽ ካሳውን መጠየቅ ትችያለሽ። ባለቤቱ ራሱ አለቃ የሆነበት ትንሽ ቢሮ ውስጥ በፍርድ ተመልሶ መሥራት እንዴት ከባድ እንደሆነ ስላየሁ እኔ ራሱ ካሳውን ነው የምመርጥልሽ። (የሥራ መሪ የሚባሉት፣ ለምሳሌ የፋይናንስ ኃላፊ ሆኖ ሰው የሚቀጥርና የሚያባርር፣ በዚህ አዋጅ አይታይም። አካውንታንት ግን ሠራተኛ ነው።)

እና "ከከሰስኩ ማን ይቀጥረኛል" ላልሽው፣ ፍርሃትሽ ከምንም የመጣ አይደለም፣ "ከሳሽ ናት" የሚል አለቃ አለ። ግን በ16 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን የአመልካች ስም ይዤ ፍርድ ቤት ሄጄ አላጣራሁም፣ ሲያጣራ ያየሁትም ባልደረባ የለም። የምናየው ወረቀት ነው፣ የምንሰማው ስልክ ነው፣ የምንመዝነው ሰውየውን ነው።

ሲቪው ላይ ሥራውን አትተዪው። 4 ዓመት አውጥተሽ ስትጥዪ ልምድሽ ግማሽ ይሆናል፣ ያ ባዶ ቦታ ደግሞ ራሱ ጥያቄ ይወልዳል። ደግሞም አይደበቅም፦ የጡረታ መዋጮ ካንቺ 7 በመቶ ከድርጅቱ 11 በመቶ ሲገባልሽ ቆይቷል፣ አዲሱ አሠሪ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ሲጠይቅሽ አዲስ እንዳልሆንሽ ይታያል። ሲቪም ሆነ ማመልከቻ ላይ የለቀቅሽበትን ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም፣ ከወር እስከ ወር፣ የሥራ መደብ፣ የሠራሽው ሥራ፣ በቃ። ፎርም አስሞልተው "ከዚህ በፊት ከሥራ ተሰናብተው ያውቃሉ?" የሚል ሳጥን ካለ ግን "አዎ፣ በሕግ እየጠየቅኩበት ነው" ብለሽ ጻፊ። ባዶ አትተዪው፣ "አይ" ብለሽም አትጻፊ።

ለምን እንደምጨነቅ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ስቶር ኪፐር ስንቀጥር አንድ ልጅ ሁላችንንም አሳመነን፣ ሥራውን ያውቃል፣ አነጋገሩ የተረጋጋ ነው። ለምን ለቀቅክ ስንለው "የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ" አለ። ሲቪው ላይ እስከ መስከረም ይላል፣ የልምድ ደብዳቤው ግን ሰኔ ላይ ያበቃል። ደወልን። ከቅርብ አለቃው ጋር ተጣልቶ ነው የተባረረው፣ እንዳጣራነው ጥፋቱም የአለቃው ይመስል ነበር። ቢነግረን እንቀጥረው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ ነበርኩ ልንቀጥረው ይገባል ባይ። ግን ዕቃ የምናስረክበው ሰው ሦስት ወር ደብቆናል፣ እዛ ላይ ቆመ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን መሆኑንም አትርሺ፣ በዛ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል፣ ውሸት ከተቀጠርሽ በኋላ ቢወጣም መከላከያ የለሽም።

ሌላዋን ደግሞ ላንቺ ብዬ ነው የማስታውሳት። ካሸር ነበረች። "ለምን ለቀቅሽ" ሲባል እጇ ሰማያዊ ፕላስቲክ ፋይሏ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ "አሰናብተውኝ ነው" አለች፣ ምክንያታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ "አልተስማማሁበትም፣ ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፣ የርክክብ ሰነዴን ማየት ትችላላችሁ" ብላ አወጣችው፣ ገጽ በገጽ የተፈረመ። ከዛ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ቀጥሎ የጠየቅናት የቀን ሂሳብ እንዴት እንደምትዘጋ ነበር፣ እሱን ስታስረዳ እጇ መንቀጥቀጡን ተወ። ተቀጠረች።

ያንቺ መልስ እንደዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ "ውሉን ያቋረጠው ድርጅቱ ነው። ምክንያት ያደረገው ታምሜ የቀረሁባቸውን 5 ቀናት ነው፣ የሐኪም ማስረጃ በወቅቱ አቅርቤያለሁ፣ ስለዚህ በሕግ አግባብ እየጠየቅኩ ነው። በሥራዬ ግን 4 ዓመት ሙሉ የያዝኩት ሂሳብ በውጭ ኦዲተር ሲታይ ቆይቷል፣ ርክክቤንም ጨርሻለሁ።" ከዛ አቁሚ። አፍሽን ዝጊና ቀጣዩን ጥያቄ ጠብቂ። (የኦዲተሩን ነገር እውነት ከሆነ ብቻ ነው፣ ካልሆነ ሌላ እውነት የሆነ ነገር አስገቢ።) ስለ ኦቨርታይሙ አታንሺ፣ ስለ አለቃሽ ጸባይ አታንሺ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች እንዴት እንደተበደሉ አታንሺ። መደበቅ አይደለም። ኢንተርቪው የሚያደርገው ሰው 20 ደቂቃ ነው ያለው፣ በዛ ውስጥ ዳኛ መሆን አይችልም፣ ታሪኩ በረዘመ ቁጥር ራሱን በተከሳሹ አለቃ ቦታ እያስቀመጠ ነው የሚሰማሽ። ከጠየቀሽ መልሺለት፣ አጭርና ያልጨመርሽበት።

"ፊቴ ይቀላል፣ እንባዬ ይመጣል" ብለሻል። ይመጣል፣ 4 ዓመት የለፋሽበት ቦታ ነው፣ ምንም አያሳፍርም። ስለዚህ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተለማመጂው፣ ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ፣ አሥር ጊዜ፣ ስልክሽ ላይ ቅጂና አድምጪው። እስካሁን ይህን ነገር የነገርሽው ለሚያዝኑልሽ ሰዎች ብቻ ስለሆነ አንደበትሽ የለመደው ረጅሙንና የሚያስለቅሰውን ነው።

ሪፈረንስ ላይ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅሽን የመጻፍ ግዴታ የለብሽም። ከዛ ቤት ቀድሞ የለቀቀ ሲኒየር አካውንታንት፣ ሂሳባችሁን ያይ የነበረው ኦዲተር፣ ከነሱ ሁለቱን አስፈቅደሽ ጻፊ፣ ደውለሽም ስለየትኛው ሥራ እንደሚጠየቁ ንገሪያቸው። ግን የአስመጪ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ መርካቶ ላይ አንድ ስልክ ሩቅ አይደለም፣ እና ሥራ አስኪያጁ ጋ መደወላቸው አይቀርም ብለሽ ተነሺ። ለዚህ ነው ቀድመሽ አንቺ መናገር ያለብሽ፦ ካንቺ ቀድመው ከሰሙት ምስጢር ነው፣ አንቺ ከነገርሽ በኋላ የሚሰሙት ግን የሌላኛው ወገን ሐሳብ ብቻ ነው የሚሆነው። በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድርጅቱን ስም ጠርተሽ ምንም አትጻፊ፣ ቢያምሽም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እሱም ነገ የሚባል አይደለም። የሐኪም ፈቃዱን የላክሽበት የቴሌግራም መልእክት፣ ያ ሁለት የንባብ ምልክት ያለበት፣ እሱ ከራሱ ስልክ ላይ ሆኖ ካንቺም ሊያጠፋው ይችላል። ዛሬ ማታ ሳትተኚ ስክሪንሾት አንሺው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ስሙ በአንድ ላይ እንዲታይ አድርገሽ፣ ከዛ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪው፣ ለእህትሽም ላኪላት፣ የሐኪም ፈቃዱን ኦሪጅናልም ፍርድ ቤት ቢሆን እንጂ ለማንም እንዳትሰጪ፣ ኮፒውን ብቻ።